የሕመም መጠይቆች አማርኛ

በነርስነት ሙያ ከሚካሄዱት ጥናቶች ብዙዎቹ የሚያተኩሩት በመሣሪያ ሊለኩ በማይችሉ ነገሮች ላይ ነው። ትኩሳት በሙቀት መለኪያ ይታወቃል፤ ሕመም ምን ያህል እንደሚያሠቃይ፣ አራስ እናት ምን ያህል እንደተከፋች፣ ተኝቶ የታከመ ሰው ባገኘው አገልግሎት ደስ ይበለው አይበለው ግን ባለቤቱ ካልተናገረ በቀር የሚታወቅበት መንገድ የለም። ስለዚህ ተመራማሪው ይጠይቃል፤ ተጠያቂው ከተደረደሩለት መልሶች አንዱን ይመርጣል፤ የተመረጠው መልስ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሮቹ ይደመሩና ሰውየው «ከወሰኑ በላይ» ወይም «ከወሰኑ በታች» ይባላል። በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌሎች ከተሞች የጤና ሳይንስ ተማሪዎች የሚያቀርቧቸውን የመመረቂያ ጽሑፎች የገለጠ ሰው፣ በአባሪው ውስጥ የእንግሊዝኛውን መጠይቅና የአማርኛ ትርጉሙን ተከታትለው ያገኛቸዋል። ይህ ሒስ የሚመለከተው ያንን ሁለተኛውን ገጽ ነው።

ገጹ ብዙ ጊዜ አንባቢ የለውም። የሙያው ሰዎች ወደ ሠንጠረዦቹ ያልፋሉ፤ እኛ የቋንቋ ሰዎችም የሐኪሞች ጉዳይ ነው ብለን ትተነዋል። ነገር ግን በጎዛምን ወይም በማቻከል ገጠር ለምትኖር እናት መለኪያው እንግሊዝኛው አይደለም። መለኪያው የሚነበብላት የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ነው። ዐረፍተ ነገሩ የተዛባ እንደሆነ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ስሌት ምንም ያህል ቢራቀቅ የሚያሰላው ያንኑ መዛባት ነው። እናቲቱም ወደ ሐኪም መላክ ሲገባት ወደ ቤቷ፣ ወደ ቤቷ መሄድ ሲገባት ወደ ሐኪም ትላካለች።

ለዚህ ዐይነቱ ወቀሳ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ትርጉሙ በመልሶ ትርጉም ተረጋግጧል» የሚል ነው። ሪቻርድ ብሪስሊን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት በሰፊው የታወቀው ይህ ዘዴ፣ አንዱ ተርጓሚ ወደ አማርኛ የመለሰውን ሌላው ተርጓሚ መነሻውን ሳያይ ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሰው ያደርጋል፤ ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ከተቀራረቡ ትርጉሙ ደኅና ነው ይባላል። ብሪስሊን ራሱ ቅጂው በቋንቋው ተናጋሪዎች ላይ እንዲሞከር ጭምር መክሮ ነበር፤ ይህ ምክሩ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዘዴው ብቻውን የሚመሰክረው ሁለት እንግሊዝኛ ዐዋቂዎች እርስ በርሳቸው መግባባታቸውን ነው። እንዲያውም የእንግሊዝኛው አጥንት ከላዩ የሚታይበት መጥፎ አማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ይቀላልና፣ ከጥሩ አማርኛ ይልቅ ፈተናውን በቀላሉ የሚያልፈው እርሱ ነው።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በማደግ ላይ ላሉ አገሮች ጤና ጣቢያዎች ያዘጋጀው፣ «አዎ» ወይም «የለም» ተብለው የሚመለሱ 20 ጥያቄዎች ያሉት የራስ ዘገባ መጠይቅ በኢትዮጵያ ሥራ ላይ ከዋለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ፍራንክ ኮርትማንና ቴን ሆርን እ.ኤ.አ. በ1988 በብሪታንያ የሥነ አእምሮ ሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ ተጠያቂዎች ጥያቄውን እንዴት እንደተረዱትና ምን አስበው እንደመለሱ መርምረው የመጠይቁን ጉድለት አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ሥራዎችም ቀላል ግምት የሚሰጣቸው አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የቡታጅራ ጥናት በነፍሰ ጡሮችና በአራሶች ዘንድ ባለ 20 ጥያቄው መጠይቅ ከኤድንብራው የድኅረ ወሊድ መጠይቅ የተሻለ መሆኑን ሲያሳይ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአዲስ አበባው ጥናት ደግሞ ያው የኤድንብራው መጠይቅ በከተማዋ እናቶች ዘንድ ጥሩ እንደሚሠራ አረጋግጧል። አንድ መጠይቅ፣ አንድ ቋንቋ፣ ሁለት ውጤት። ልዩነቱ የቋንቋ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ተማሪ ቤት የገባ ጆሮ የሚያውቀው አማርኛና ያልገባ ጆሮ የሚያውቀው አማርኛ አንድ አለመሆኑን የሚያስታውስ ነው። ሀብተ ማርያም ማርቆስ እ.ኤ.አ. በ1973 የአማርኛን አካባቢያዊ ልዩነቶች በዘረዘሩ ጊዜ የጎጃምን አማርኛ ራሱን አስችለው ያስቀመጡት በድምፅና በቅርጽ ነበር፤ የመጠይቆቹ ችግር ግን ከዚያ በላይ የትምህርት ቤት አማርኛ ችግር ነው።

የዚህን አማርኛ ጠባይ ለማሳየት በየመጠይቁ የሚዘወተረውን የአነጋገር ቅርጽ የያዘ አንድ ምሳሌ እንውሰድ፦ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ የመረበሽ ስሜት ተሰምቶዎት ያውቃል?» ሰዋስዋዊ ስሕተት የለበትም፤ መልሶ ትርጉሙም ያለ እንከን ይወጣል። ሆኖም ሦስት ቦታ ላይ ይሰናከላል። አንደኛ፣ «ተሰምቶዎት ያውቃል» የሚለው ቅርጽ የሚጠይቀው በዕድሜ ዘመን ስለደረሰ ነገር ነው፤ «ባሕር ዳር ሄደው ያውቃሉ?» እንደ ማለት ነው። በመግቢያው የተነገሩትን ሁለት ሳምንታት ማሰሪያው ግስ ያፈርሳቸዋል፤ በአማርኛ ደግሞ ከሰሚው ጆሮ የሚቀረው መጨረሻ ላይ የመጣው ግስ ነው። ሁለተኛ፣ «መረበሽ» ከ«ረብሻ» የማይለይ የገበያና የአደባባይ ቃል ነው። ሦስተኛው ዋናው ነው፤ አማርኛ ስሜትን በ«ስሜት ይሰማኛል» አይናገርም።

ይህን ሦስተኛውን ነጥብ ማስፋት ይገባል። አማርኛ ሰው ላይ የሚደርሱ ነገሮችን የሚናገርበት የራሱ የግስ ክፍል አለው፦ አመመኝ፣ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ፣ ከፋኝ፣ ጨነቀኝ። በእነዚህ ግሶች የሚሠቃየው ሰው ባለቤት ሳይሆን ተሳቢ ነው፤ ባለቤቱ ስም የሌለው ሦስተኛ መደብ ሆኖ ይደበቃል። ሕመሙን የሚያደርሰው ማን እንደሆነ ሳይነገር ሕመሙ የሚያርፍበት ሰውና አካል በግልጽ ይታወቃል፤ «ራሴን አመመኝ»። መጠይቁ ይህን ሁሉ ትቶ «የራስ ምታት ሕመም ስሜት አለብዎት?» ሲል፣ ተጠያቂው በሕይወቱ ተናግሮት በማያውቀው ቅርጽ ስለ ራሱ ሥቃይ እንዲመሰክር ይገደዳል። «ራስዎን ያምዎታል?» ማለት ምን ይጎድለዋል? የሚጎድለው የምሁር መልክ ብቻ ነው።

ከዚህ ክፍል ጋር የመጠን አነጋገርም ተያይዞ ይመጣል። የመጠይቅ ተርጓሚዎች «ትንሽ»፣ «መካከለኛ»፣ «በጣም»፣ «እጅግ በጣም» የሚሉትን ቃላት እንደ ደረጃ ይደረድራሉ፤ አማርኛ ግን መጠንን የሚሰፍረው በተውሳከ ግስ ብቻ ሳይሆን በግሱ በራሱ ነው። «ራሴን አመም ያደርገኛል» ያለ ሰው «ራሴን ያመኛል» ካለው በታች ነው። «ድክም ድክም ይለኛል»፣ «ከፋ ከፋ ይለኛል»፣ «ቅር ቅር ይለኛል»፣ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» የሚሉት ሁሉ ገና ያልገነነ፣ መጣሁ መጣሁ የሚል ነገር ናቸው። ወደ ላይኛው ጫፍ ስንወጣ ደግሞ ሕመሙ ራሱ ይቀርና የሚያሳጣው ነገር ይነገራል፤ እንቅልፍ ነሳኝ፣ አላስቀምጥ አለኝ፣ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ። በአንድ የደብረ ማርቆስ መኝታ ክፍል የተኛ ገበሬ በዚህ መንገድ «አመም ያደርገኛል»ን ከ«ያመኛል»፣ «ያመኛል»ን ከ«አላስቀምጥ አለኝ» ሳያቅማማ ይለያል። «መካከለኛ ሕመም» ቢሉት ግን መካከሉ የትና የት መካከል እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም።

የሕመም ዐይነትም እንዲሁ ነው። ሮናልድ ሜልዛክ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው የማክጊል የሕመም መጠይቅ 78 የሕመም ቃላትን በ20 ምድብ ከፍሎ አስቀምጧል፤ ቃላቱ ሁሉ «ሕመም» የሚለውን ስም የሚገልጹ ቅጽሎች ናቸው። በአማርኛ «ወጊ ሕመም»፣ «ቆራጭ ሕመም» እያሉ መተርጎም ይቻል ይሆናል፤ የሚለው ሰው ግን የለም። በአማርኛ ራስ ይፈልጣል፣ ጎን ይወጋል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ጥርስ ይነዝራል፣ ያመረቀዘ ቁስል ይጠዘጥዛል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል። ከእነዚህ «ፍልጠት»፣ «ውጋት»፣ «ቁርጠት»፣ «ቁርጥማት» የሚሉ ስሞች ወጥተው የበሽታ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሰዋል። እያንዳንዱ ግስ የራሱን አካል መርጦ ይገባል፤ «ራሴን ቆረጠኝ» አይባልም። ስለዚህ የማክጊልን 78 ቃላት መተርጎም ሳይሆን የአማርኛን የሕመም ግሶች ከነሚመርጡት አካል መሰብሰብ ነው የሚያስፈልገው፤ ይህም ከሐኪም ይልቅ የመዝገበ ቃላት ሰው ሥራ ነው።

ቁጥርን በተመለከተ በአጭሩ እንለፍ። «ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት ያምዎታል?» የሚለው ጥያቄ ከቋንቋ ጣጣ ነጻ ነው ተብሎ ይወደዳል። ይሁንና «ከዐሥር ስንት» በአገራችን የታወቀ አባባል ነው፤ የፈተና ውጤት ነው። ከዐሥር ዐሥር ያገኘ ልጅ ይመሰገናል። ልጁን ተማሪ ቤት የላከ አባት ይህን መለኪያ ገልብጦ ከፍተኛውን ቁጥር ለመጥፎው ነገር እንዲሰጥ ከተፈለገ፣ መገልበጡ በቃል ሊነገረውና በምሳሌ ሊታይለት ይገባል።

ከቁጥር ይልቅ የሚያስቸግረው የስምምነት ዐይነት መልስ ነው። ሬንሲስ ሊከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ካቀረበው ወዲህ ዓለምን ያዳረሰው ይህ አሠራር በአማርኛ «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ ገለልተኛ ነኝ፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም» ሆኖ ተቀምጧል። «ተስማማ» የሚለው ግስ ሁለት ወገን ይፈልጋል። ባልና ሚስት ይስማማሉ፤ ሻጭና ገዢ በዋጋ ይስማማሉ፤ ወተት ለሆድ ይስማማል ወይም አይስማማም። «በሕይወቴ ደስተኛ ነኝ» ከሚል ወረቀት ጋር ግን ሰው እንዴት ይስማማል? ለተጠያቂው የሚታየው ሁለተኛ ወገን ጠያቂዋ ናት፤ «አልስማማም» ማለት ከእርሷ ጋር አልስማማም ማለት ይሆንበታል፤ በእንግድነት የመጣችን የሰው ልጅ እንዲህ ማለት ደግሞ ነውር ነው። «ገለልተኛ»ም ራሱን ከሰው ያገለለ እንጂ ሐሳቡ በሁለት የተከፈለ ሰው አይደለም። የቃሉ ባለቤት ራሱ መላሹ እንዲሆን «እኔንም እንዲሁ ያደርገኛል»፣ «እኔን እንዲያ አያደርገኝም» ወይም «እውነት ነው»፣ «እንዲያ አይደለም» በሚሉ መልሶች መተካት ይቻላል።

አሉታዊ ዐረፍተ ነገሮች ሲጨመሩበት ነገሩ ይብስበታል። ሮዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው የራስ ግምት መጠይቅ ከ10 ዐረፍተ ነገሮቹ 5ቱን በአሉታዊ መንፈስ ያቀረበው ተጠያቂው ሳያስብ «አዎ አዎ» እያለ እንዳያልፍ ነበር፤ ሌሎችም ፈለጉን ተከትለዋል። በአማርኛ ግን «አልበላህም?» ተብሎ የተጠየቀ ያልበላ ሰው «አዎ፣ አልበላሁም» ይላል፤ «አዎ» የሚያጸድቀው የተነገረውን ዐረፍተ ነገር ነው። በእንግሊዝኛ ግን ያልበላው ሰው የሚመልሰው በአሉታ ነው። «ዋጋ ያለኝ ሰው አይደለሁም» ለሚለው «አልስማማም» ብሎ መመለስ አሉታን በአሉታ መሻር ነው፤ በቃል ሲነበብለት የሚሰማ ሰው ይህን ስሌት በአንድ ትንፋሽ እንዲሠራ መጠበቅ አይገባም። የመለኪያውን ወጥነት የሚያበላሹት ጥያቄዎች አሉታዊዎቹ ሆነው ሲገኙ «ተጠያቂዎቹ በጥንቃቄ አልመለሱም» ከማለት በፊት ሰዋስውን መጠየቅ ይቀድማል።

ስለ ጊዜ ብዛት የሚጠይቁትም እንዲሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ባለ 9 ጥያቄ የድባቴ መጠይቅ፣ በአገራችንም በስፋት የሚሠራበት፣ ከዜሮ እስከ 3 የሚሰጡ አራት መልሶች አሉት። ሁለተኛው መልስ በእንግሊዝኛው ከጥቂት የበለጠ ከብዙ ያነሰ ቀን ማለት ነው፤ አማርኛ ለዚህ አንድ ቃል የለውም። «ለብዙ ቀናት» ተብሎ ከተተረጎመ ለሰሚው «ከግማሽ በላይ ለሆኑ ቀናት» ከሚለው ከሦስተኛው መልስ ይበልጥበታል፤ መሰላሉ መካከሉ ላይ ይገለበጣል። «ለጥቂት ቀናት» ከተባለ ደግሞ በጣም ያንሳል። «አንዳንድ ጊዜ»፣ «አልፎ አልፎ»፣ «አዘውትሮ»፣ «ዘወትር» በምን ቅደም ተከተል እንደሚቀመጡ የሚነግረን መዝገበ ቃላት የለንም፤ ከሣቴ ብርሃን ተሰማም ሆኑ ደስታ ተክለ ወልድ ሥራቸው ቃልን መፍታት እንጂ በመጠን መደርደር አልነበረም። ጊዜውንም ቢሆን ሰው በሚቆጥርበት መቁጠር ይቻላል። ዐሥራ አራት ቀን በደብረ ማርቆስ ዙሪያ «ከሚካኤል ወዲህ»፣ «ካለፈው በፊት ካለው ገበያ ወዲህ» ተብሎ ይታሰባል። በዐቢይ ጾም አጋማሽ ስለ ምግብ ፍላጎትና ስለ ድካም የተጠየቀ ጿሚ የሚሰጠው መልስ ደግሞ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው።

ወደ ስሜት ቃላት ስንመጣ ሁለት ቃላት ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው «ሆድ» ነው። ባለ 20 ጥያቄው መጠይቅ ስለ ምግብ አለመፈጨትና ስለ ሆድ አለመመቸት ሁለት ጥያቄዎች አሉት፤ ሁለቱም የአካል ምልክት ተደርገው የታሰቡ ናቸው። የአማርኛው ሆድ ግን ሆድ ብቻ አይደለም፤ ይብሳል፣ ይባባል፣ ባር ባር ይላል፣ ምሥጢር ይይዛል፤ «ሆድ ይፍጀው» የተባለ ነገርም በመጠይቅ አይወጣም። «ሆድዎን ጥሩ ስሜት አይሰማዎትም?» ለሚለው «አዎ» ያለች ሴት ስለ ምግቧ ትናገር ወይስ ስለ ኀዘኗ ቅጹ አያውቅም። ሁለተኛው «ጭንቅ» ነው። ለአራስ «ባለፉት ሰባት ቀናት ተጨንቀው ነበር?» ማለት «ምጥ ነበረብዎት?» ማለት ሊሆን ይችላል፤ የወሊድ ቃሉ ራሱ ጭንቅ ነውና። ሙያው በቅርብ ጊዜ «ድባቴ» የሚለውን ስያሜ መምረጡ መልካም ነው፤ ድብት የሚል ሰውን ክብደት የያዘ ቃል ነው። «ድብርት» በከተማ ወጣት አፍ መሰልቸት ሆኗልና ለበሽታ ስም አይበቃም።

ተርጓሚ ሁሉ አልተሳሳተም፤ ከአማርኛ ጋር ሲሄድ የሚቀል ቦታም አለ። የኤድንብራው መጠይቅ ካሉት 10 ጥያቄዎች አንዱ፣ ነገሮች በሰው ላይ መውጣታቸውን የሚናገር የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ይዟል። ቃል በቃል ቢተረጎም ዛር የሰፈረባት ያስመስላል። አማርኛ ግን በግሱ ጫፍ ላይ ጉዳትን የሚያመለክት «-ብኝ» አለው፤ «ነገር በዛብኝ»፣ «ሥራው ተደራረበብኝ»። አንዲት ምዕላድ ፈሊጡን ሁሉ ትሸከመዋለች።

ከሁሉ የሚከብደው የሞት ጥያቄ ነው። ሁለቱም መጠይቆች፣ ባለ 20ውም ባለ 9ኙም፣ ሕይወትን ስለ ማጥፋት ሐሳብ ይጠይቃሉ፤ በዚህ ጥያቄ «አዎ» ከተባለ ነርሷ ወረቀቷን አስቀምጣ ሌላ ሥራ መጀመር አለባት። ባለ 9ኙ መሞትን መመኘትንና ራስን መጉዳትን በአንድ ጥያቄ ያጣምራቸዋል። በአማርኛ እነዚህ የተራራቁ ናቸው። «ምነው በሞትሁ»፣ «አፈር በበላኝ»፣ «መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ» የምሬት ቃላት ናቸው፤ ግሱ በ«በ-» ተነሥቶ ያልተፈጸመ ምኞት ይሆናል፤ ብዙ ሰው በንዴት ወይም በድካም ይለዋል። «እኔ ልሙት» መሐላ ነው፤ «እሞትልሃለሁ» ፍቅር ነው። «ራሴን ላጥፋ ብዬ ነበር» ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ «ላ- … ብዬ» ሐሳብ ሳይሆን ቁርጥ ፈቃድ ነው። ጥያቄው በምኞቱ ቅርጽ ከቀረበ ምሬተኛው ሁሉ በሽተኛ ይሆናል። በቀጥታ «ራስን ስለ ማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ተብሎ ከቀረበ ደግሞ፣ ነገሩ ኃጢአት፣ ጸሎተ ፍትሐትም የሚያስከለክል ሆኖ በሚታይበት አገር፣ መልሱ አስቀድሞ የተዘጋ ነው። የሚሻለው ሰዋስው ራሱ ያበጀውን መንገድ መከተል ነው፤ መጀመሪያ «በሞትሁ የሚያሰኝ ነገር ደርሶብዎታል?»፣ ቀጥሎ «ራሴን ላጥፋ እስከ ማለት ደርሰዋል?»፤ ሁለቱም በየራሳቸው ይቆጠሩ። ዐረፍተ ነገሩ የአንዲት ሴት ሕይወት የሚያልፍበት በር ሊሆን ይችላልና ለመልሶ ትርጉም ብቻ አይተውም።

ስለ እርካታ መጠይቆችም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በእንግሊዝ አገር ኒውካስል የወጣው የነርስ አገልግሎት እርካታ መጠይቅ በአገራችን ሆስፒታሎችም ተሠርቶበታል። 19 ጥያቄዎቹ አምስት አምስት መልስ አላቸው፤ ከ«ምንም አልረካሁም» እስከ «ሙሉ በሙሉ ረክቻለሁ»። «ረካ» የጥም ቃል ነው፤ የጠማው ሰው ውሃ ጠጥቶ ይረካል። የረካ ሰውም ወይ ረክቷል ወይ አልረካም፤ «በጥቂቱ ረካሁ» አይልም። ከዚያ በላይ «ነርሶች» የተባሉት እነማን እንደሆኑ ተጠያቂው ላያውቅ ይችላል፤ ሴቷን «ሲስተር»፣ ወንዱን «ዶክተር» እያለ የሰነበተ ነው። ያጎረሰው፣ ያገላበጠውና ሌሊቱን አብሮት የነጋለት ደግሞ ከቤቱ የመጣው አስታማሚ ነው። «ስለ ተደረገልዎ እንክብካቤ» ሲባል ለወንድሙ ልጅ ውለታ የሚገባውን ነጥብ ለሆስፒታሉ ይሰጣል።

ለዚህ ሁሉ «የጎጃም ሰው ሰምና ወርቅ ነው፤ እውነቱን አይናገርም» የሚል የተለመደ ማብራሪያ አለ። ዲማ ጊዮርጊስን፣ ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ጉባኤዎች ባሉበት አገር ይህን ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቅኔ የጉባኤ ጥበብ እንጂ የበሽተኛ አልጋ አነጋገር አይደለም። ከላይ የተዘረዘሩት የሕመም ግሶች የሚያሳዩት ሰው በራሱ ቃል ከተጠየቀ ምን ያህል ጥርት አድርጎ እንደሚናገር ነው። መልሱን የሚለውጠው ቅኔ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። «እንዴት አደሩ?» ሲባል «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው የሰላምታ መልስ ሌሊቱን ሲቃትት ካደረ ሰው አፍም ይወጣል፤ ይህ ውሸት አይደለም፤ ምስጋና ነው። መጠይቁ በሰላምታ ጀምሮ ወዲያው «ጤናዎ እንዴት ነው?» ካለ የሚመዘግበው ሰላምታውን ነው።

«ይሉኝታ» ለስያሜ ሥራም ያገለግለናል። ተጠያቂ በሰው ዘንድ መልካም የሚያስመስለውን መልስ የመስጠቱን ዝንባሌ ሙያው በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ስም ቃል በቃል ቢተረጎም «ማኅበራዊ ተፈላጊነት» ይሆናል፤ ይህም ታዋቂ ሰው የመሆን ያህል ይሰማል። «ይሉኛል» ከሚለው የተገኘው «ይሉኝታ» ግን ነገሩን ከነምክንያቱ ይዟል፤ «የይሉኝታ መልስ» ቢባል የሚጠይቅ የለም። ለመለኪያው ራሱ ግን ስም ገና አልጸናም። «ስኬል» እንዳለ ተወስዷል፤ «መለኪያ» የሚሉ አሉ፤ በገጠር ግን አንድ መለኪያ የአረቄ ነው። «ደረጃ» ማዕርግን ያስታውሳል። በእኛ ግምት የሚሻለው «እርከን» ነው። የጎጃም ደጋ ገበሬ አፈሩ እንዳይሸረሸር በማሳው ላይ የሚሠራው እርከን የበላይና የበታች አለው፤ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፤ ስፋቱ ግን እኩል አይደለም፤ ቁልቁለቱ በበረታበት ይጠባል፣ በረገበበት ይሰፋል። ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ1946 ልኬቶችን በአራት በከፈለ ጊዜ ቅደም ተከተል ያለውን ልኬት እኩል ርቀት ካለው የለየው በዚህ መልክ ነው። «ባለ አምስት እርከን መጠይቅ» የሚል ሰው «እስማማለሁ» ከ«በጣም እስማማለሁ» የሚርቀውን ያህል «ገለልተኛ» ከ«አልስማማም» ይርቃል ብሎ ከመደመሩ በፊት ቃሉ ራሱ ያስጠነቅቀዋል።

«የራስ ዘገባ» የሚለው ስያሜም ቢሆን በገጠር ሲሠራበት ግማሹን ያጣል። ቅጹን ሞልታ የምትሰጥ ተጠያቂ ጥቂት ናት፤ የሚያነብላት ሌላ ነው። አራቱን መልሶች በቃሏ ይዛ መምረጥ ሲያቅታት፣ ጠያቂዋ «እንግዲህ እናቴ፣ ማለትዎ ዘወትር ነው ወይስ አልፎ አልፎ?» እያለች በራሷ አማርኛ ታስረዳታለች። ትክክለኛው መጠይቅ ያ ያልተጻፈው ነው። በአባሪው የታተመው «እርስዎ» ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃገረድ ሲነበብ «አንቺ» ይሆናል፤ «የምግብ ፍላጎት» «እህል አላስበላ አለኝ» ይሆናል፤ በጥናቱ ውስጥ ግን የሚጠቀሰው የታተመው ብቻ ነው።

ስለዚህ ቢያንስ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር አንድ ባዶ መስመር ይተው። ጠያቂዋ ጥያቄውን በምን ቃል ደግማ እንደጠየቀች፣ ተጠያቂዋም አንዱን መልስ ከመምረጧ በፊት በራሷ አፍ ምን እንዳለች ይጻፍበት። እንዲህ የተሞላ አንድ መቶ ቅጽ ከደብረ ማርቆስና ከዙሪያው ጤና ጣቢያዎች፣ የታካሚዎቹ ስም ሳይኖርበት፣ ለቃላት ሠራተኞች ቢደርስ፣ «ከፋ ከፋ ይለኛል» ከ«ባር ባር ይለኛል» በላይ ይቀመጥ ወይስ በታች የሚለውን በግምት ሳይሆን በተናጋሪዎቹ ምስክርነት መወሰን ይቻላል።